የ25 ሚሊቮልት ዘበኛ

በግድግዳ ላይ የሚገጠም የጋዝ ማሞቂያ በሀገራችን ቤቶች እምብዛም አይታወቅም። በአሜሪካ፣ በተለይም በካሊፎርኒያ የቆዩ ቤቶች ውስጥ ግን ዛሬም ያገለግላል። ለከፍተኛ ትምህርት በዚያ ሳለን በተከራየነው ቤት እንዲህ ያለ ማሞቂያ ነበር፤ ብርዱ በበረታበት በታኅሣሥ ሰሞን የመለኮሻዋ ነበልባል ቁልፉን በለቀቅን ቁጥር ትጠፋ ጀመር። አብሮን የሚኖር ጓደኛችን ቁልፉ ተጭኖ እንዲቆይ በእንጨት ሽብልቅ ወጥረን እንድንተወው ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ለምን አደገኛ እንደ ሆነ ለመረዳት የመሣሪያውን ፊዚክስ እንመልከት።

ከማሞቂያው ዋና ማንደጃ አጠገብ ሌት ተቀን የምትነድ ትንሽ ነበልባል አለች። ለዋናው ማንደጃ ጋዝ ሲለቀቅ የምታቀጣጥለው እርስዋ ናት። ነፋስ ቢያጠፋትስ? ጋዙ ሳይነድ ወደ ቤት እንዳይፈስስ የሚከለክለው፣ ጫፉ በነበልባሏ ውስጥ የተቀመጠው ቴርሞካፕል ነው። የጋዝ መውጫዋ ቀዳዳና ቴርሞካፕሉ በአንድ መያዣ ላይ ስለሚገጠሙ በአብዛኛው የሚለወጡት አብረው ነው።

ቴርሞካፕል ማለት ጫፋቸው የተበየደ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ማለት ነው። በ1821 እ.ኤ.አ. ቶማስ ዮሐን ዜቤክ ሁለት ብረቶችን አገናኝቶ አንዱን መጋጠሚያ ሲያሞቅ በአጠገቡ ያለው የኮምፓስ መርፌ ሲዞር ተመለከተ። ሙቀት ማግኔትነትን የፈጠረ መሰለው፤ መርፌውን ያዞረው የኤሌክትሪክ ጅረት መሆኑን ያስረዳው ግን ኧርስቴድ ነው። በጋለው ጫፍ ያሉ ኤሌክትሮኖች ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሰራጫሉ፤ የስርጭቱ መጠን በየብረቱ ስለሚለያይ በሁለቱ ቀዝቃዛ ጫፎች መካከል ቮልቴጅ ይገኛል። ሁለቱ ሽቦዎች ከአንድ ዓይነት ብረት ቢሠሩ ውጤቱ ተሰራርዞ ዜሮ ይሆናል።

ክሮሜልና አሉሜል የተባሉት ቅይጦች ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ወደ 41 ማይክሮቮልት ይሰጣሉ። የጫፎቹ ልዩነት 600 ዲግሪ ቢሆን 25 ሚሊቮልት ገደማ እናገኛለን፤ ይህ የአንድ ባትሪ ድንጋይ ስድሳኛ እጅ ነው። ታዲያ ይህን በመሰለ ቮልቴጅ ቫልቭ እንዴት ይከፈታል? አይከፈትም! ቫልቩን የሚከፍተው ሞላውን የሚጫነው ጣታችን ነው፤ የኤሌክትሮማግኔቱ ሥራ ተከፍቶ ያገኘውን ይዞ ማቆየት ብቻ ነው። ቁልፉን ለሠላሳ ሴኮንድ ያህል ተጭነን የምንቆየው ቴርሞካፕሉ እስኪግል ነው። ነበልባሏ ከጠፋች ጫፉ ይቀዘቅዛል፣ ማግኔቱ ይለቃል፣ ሞላው ጋዙን ይዘጋል።

የጓደኛችን ሽብልቅ እንግዲህ የማግኔቱን ቦታ የሚወስድ ነገር ነበር። ልዩነቱ፣ ሽብልቅ ነበልባሏ ብትጠፋም አይለቅም።

ቮልቴጁ ኢምንት በመሆኑ የመስመሩ ሬዚስታንስ እጅግ ማነስ አለበት። የመስመሩ ሬዚስታንስ በጠቅላላ 0.05 ኦም ነው እንበል፤ ጅረቱ 0.5 አምፒር ይሆናል። በመጋጠሚያው ላይ ያለ ዝገት ሌላ 0.05 ኦም ቢጨምር ጅረቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ማግኔቱም ሊለቅ ይችላል። አንዳንዴ ጥፋቱ ከዚህ አያልፍም፤ ማጽዳት ይበቃል። በእኛ ቤት ግን የቴርሞካፕሉ ጫፍ ተበልቶ፣ ቀዳዳዋም በአቧራ ተደፍና ነበልባሏ ቢጫና ደካማ ሆና ነበር። ጤነኛ ነበልባል ሰማያዊ ነው፤ የቴርሞካፕሉንም ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያለብሰዋል።

ቀዳዳዋን በመርፌ መጎርጎር በእኛ አስተያየት መጥፎ ቁጠባ ነው፤ ቀዳዳዋ ከሰፋች የጋዙ መጠን ይለወጣልና። ፕሮፔን በእኩል ይዘት ከሚቴን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ኃይል ስላለው የፕሮፔን ቀዳዳ ጠባብ ነው። ስለዚህ አዲሱ ዕቃ ለቤቱ ጋዝ የተሠራ መሆን አለበት። የሚጠግነው ባለሙያ በመጀመሪያ ጋዙን ዘግቶ ማሞቂያው እስኪበርድ ጠበቀ፤ አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ገጠመ። የቴርሞካፕሉን ብሎን በጣቱ ካጠበቀ በኋላ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ጨመረ፤ ከዚያ በላይ ቢጠብቅ መገናኛው ይጎዳል። የጋዝ መጋጠሚያዎቹን ሳሙና ውሃ ቀብቶ አረፋ እንደማይወጣ አየ።

በመጨረሻም ነበልባሏን ለኩሶ፣ ቴርሞካፕሉ በሚገባ ከጋለ በኋላ የጋዙን መስመር ከውጭ ዘጋና ዝም ብሎ ቆመ። ነበልባሏ ጠፋች። ጥቂት ቆይቶ ከማሞቂያው ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማን፤ ማግኔቱ ለቆ ሞላው ቫልቩን ዘጋው።