አልዞር ያለው የሸራ መጠቅለያ፦ አንዲት አሮጌ ጀልባ በአድሊስቪል ያስተማረችን

በዙሪክ ሐይቅ ዳርቻ ብርቱካንማ የማስጠንቀቂያ መብራቶች ተተክለዋል። በደቂቃ 40 ጊዜ ብልጭ ድርግም ሲሉ «ተጠንቀቁ» ማለታቸው ነው። በደቂቃ 90 ጊዜ ሲሆን ግን በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሚከንፍ ነፋስ እየመጣ ነውና «ፈጥናችሁ ወደ ዳር ውጡ» የሚል ትእዛዝ ነው። በአንድ የሐምሌ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራቶቹ ፍጥነታቸውን ሲጨምሩ፣ በአድሊስቪል ከሚኖር ወዳጄ ጋር ሰባት ሜትር በምትረዝም አሮጌ ጀልባው ላይ ነበርን። ወዳጄ የፊቱን ሸራ ለመጠቅለል ገመዱን ሳበ። መጠቅለያው ግማሽ ዙር ሄዶ ቆመ፤ ሸራው እንደተዘረጋ ቀረ። ሞተሩን አስነሥተን፣ ሸራው ከፊታችን እየተርገበገበ፣ በጭንቅ ወደብ ደረስን።

ነፋስ በእጥፍ፣ ኃይል በአራት እጥፍ

ጭንቀታችን ከንቱ አልነበረም። ነፋስ በአንድ ገጽ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። 12 ካሬ ሜትር የሆነ ሸራ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲመታው በግምት የ50 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይገፋዋል። ነፋሱ 60 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ግፊቱ ወደ 200 ኪሎ ግራም ያሻቅባል። ሸራን በወቅቱ መጠቅለል ካልተቻለ ትንሽ ጀልባ ልትገለበጥ ወይም ምሰሶዋ ሊሰበር ይችላል።

መጠቅለያው እንዴት ይሠራል?

ከምሰሶው አናት እስከ ጀልባዋ አፍንጫ የሚወጠር የማይዝግ ብረት ሽቦ አለ፤ ምሰሶው ወደ ኋላ እንዳይወድቅ የሚይዘው እርሱ ነው። በሽቦው ዙሪያ ባዶ የአሉሚኒየም ቱቦ ይሰካል፤ የሸራው ጠርዝ በቱቦው ቦይ ውስጥ ይገባል። ከታች ገመድ የሚጠመጠምበት ከበሮ አለ። ገመዱ ሲሳብ ከበሮው ይዞራል፣ ቱቦው አብሮ ይዞራል፣ ሸራውም እንደ ምንጣፍ ይጠቀለላል። ከላይ ደግሞ ባለ ሁለት ክፍል ተሽከርካሪ አካል አለ፤ የታችኛው ክፍል ከሸራው ጋር ሲዞር፣ ሸራ ማንሻው ገመድ የታሰረበት የላይኛው ክፍል ባለበት መቆም አለበት። ሁለቱን የሚያለያያቸው ኩሽኔታ ነው።

ሦስት ሕመሞች በአንድ አካል

ክረምቱ ሲገባ ምሰሶው ወርዶ በአድሊስቪል፣ በወዳጄ ግቢ፣ በእንጨት እግሮች ላይ ተጋደመ። አድሊስቪል በዚል ወንዝ ሸለቆ ያለች ከተማ ናት፤ ከሐይቁ የሚለያት አንድ ኮረብታ ብቻ ነው። እኛም በዚያ ግቢ መጠቅለያውን ቁራጭ በቁራጭ ፈታነው።

የመጀመሪያው ሕመም የማንሻው ገመድ ነበር። ገመዱ ከሽቦው ጋር ተጠግቶና ትይዩ ሆኖ ስለሚወርድ፣ ተሽከርካሪው ሲዞር አብሮ ተጎትቶ በቱቦው ላይ ተጠምጥሟል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገመዱ ከሽቦው ወደ 10 ዲግሪ ያህል ርቆ እንዲመጣ በምሰሶው ላይ ትንሽ መምሪያ ቀለበት ማሰር።

ሁለተኛው ሕመም ኩሽኔታው ነው። የዚህ መጠቅለያ ጥይቶች ፕላስቲክ ናቸው፤ የሚፈልጉትም ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው። ከቀደሙት ባለቤቶች አንዱ ግን ለበጎ ብሎ ግራሶ ሞልቶበታል። ግራሶው አቧራ ሰብስቦ ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። በለብታ ውኃና በሳሙና ሲታጠብ እንደ አዲስ ዞረ። የብረት ጥይት ያለው ቢሆን ኖሮ ግራሶ ያስፈልገው ነበር፤ ስለዚህ ከመቀባት በፊት የውስጡን ዓይነት ማወቅ ይቀድማል።

ሦስተኛውን ሕመም አልፈለግነውም ነበር፤ አስደንጋጩ ግን እርሱ ሆነ። ቱቦውን ስናወጣ ሽቦው ከታችኛው ጫፍ መያዣ አጠገብ፣ ከ19 ዘንጎቹ ሁለቱ ተበጥሰው አገኘነው። ምሰሶውን የያዘው ሽቦ በቱቦው ተሸፍኖ፣ ማንም ሳያየው እየሞተ ነበር። በማይዞር መጠቅለያ ላይ ገመዱን በመዘውር አስገድዶ መሳብ ለምን አደገኛ እንደሆነ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ጉልበቱ ሽቦውን ይጠመዝዛል፣ ዘንጎቹንም ይፈታል።

ያልላቀቁ ብሎኖች

ቱቦዎቹን የሚያያይዙት ብሎኖች የማይዝግ ብረት፣ ቱቦው ደግሞ አሉሚኒየም ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች እርጥበት ሲያገናኛቸው እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሆናሉ፤ ደካማው አሉሚኒየም ይበላል፣ ነጭ ዱቄቱም ብሎኑን ነክሶ ይይዘዋል። በሐይቅ ውኃ ይህ ከባሕር ይልቅ በዝግታ ይሄዳል፤ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ግን ውጤቱ አንድ ነው።

በካቻቢቴ ብንታገል የብሎኑን ራስ እንበላው ነበር። ሙቀት ረዳን። የአንድ ሜትር አሉሚኒየም ሙቀት በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢጨምር ርዝመቱ ወደ 2.3 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ የማይዝግ ብረት ግን ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ። ስለዚህ ቱቦው በሙቅ አየር ሲሞቅ ቀዳዳው ከብሎኑ ይበልጥ ይሰፋል። ሰርሳሪ ዘይት ጨምረን፣ አሙቀን፣ አቀዝቅዘን፣ ደግመን አሙቀን አንድ በአንድ አወጣናቸው። ስንመልሳቸው ሁለቱን ብረቶች የሚለይ ቅባት ቀባናቸው።

መልሶ መግጠም

አዲሱ ሽቦ ከፒን እስከ ፒን ከአሮጌው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ካጠረ ምሰሶው ወደ ፊት፣ ከረዘመ ወደ ኋላ ያጋድላል። ለካን፣ ጻፍን፣ ደግመን ለካን። የጫፍ መያዣውን ግን በማሽን የሚያስር ባለሙያ ሠራው፤ ይህ በግቢ ውስጥ የሚሞከር ሥራ አይደለም።

የሽቦው መበጠስ ምክንያትም ተገኘ። በታችኛው ጫፍ በሁለት አቅጣጫ የሚታጠፍ ማጠፊያ መኖር ሲገባው አልነበረም። ሸራው ወደ ግራና ቀኝ ባዘነበለ ቁጥር ሽቦው በአንድ ቦታ ይታጠፋል፤ ሽቦን ደጋግሞ በማጣጠፍ በእጁ የቆረጠ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ማጠፊያውን ጨመርን፤ ርዝመቱንም ከሽቦው ልኬት ቀነስን።

ምሰሶው ቆሞ ሳለ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ሁለት ጠንካራ የማንሻ ገመዶችን ከምሰሶው አናት ወደ አፍንጫው አስሮ መወጠር፣ የኋላውንም ሽቦ ማላላት ይገባዋል። የፊቱ ሽቦ በተፈታበት ሰዓት ማንም ምሰሶው ላይ አይወጣም፤ ከሥሩም አይቆምም።

በመጨረሻ የከበሮው ገመድ አለ። ሸራው ሙሉ በሙሉ ተጠቅልሎ ሳለ ከበሮው ላይ ሦስት ወይም አራት ዙር መቅረት አለበት። በኃይለኛ ነፋስ ሸራው ጠበቅ ብሎ ስለሚጠቀለል ተጨማሪ ዙር ይጠይቃል፤ ገመዱ ካለቀ የሸራው ጫፍ ሳይጠቀለል ይቀራል።

ባሕር የሌላት አገር

ስዊዘርላንድ እንደ ዛሬዪቱ ኢትዮጵያ ባሕር የላትም። ሆኖም የጄኔቫው የጀልባ ማኅበር ቡድን አሊንጊ እ.ኤ.አ. በ2003 በኒውዚላንድ የአሜሪካን ዋንጫ አሸንፎ፣ ዋንጫውን ወደ አውሮፓ ያመጣ የመጀመሪያው ሆኗል። በጄኔቫ ሐይቅ የሚካሄደው ቦል ዶር የተባለው ውድድርም ከ1939 ጀምሮ አለ። ልማዱ የተገነባው በሐይቅ ላይ ነው፤ በጣና ታንኳን ከደንገል የሚሠሩ ወገኖቻችንም ይህን የውኃ ዕውቀት ከማንም አልተዋሱትም።

በሚያዝያ ጀልባዋ ወደ ውኃ ተመለሰች። ወዳጄ በወደቡ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ገመዱን በአንድ እጁ ሳበ፤ ሸራው ያለ ድምፅ ተጠቀለለ። የጥገናው መለኪያ ይኸው ነው፤ አንድ እጅ ካልበቃ ሁለተኛውን እጅ መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ ቆሞ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። ገመዱ ባይጠመጠም ኖሮ ቱቦውን አንፈታም፣ የተበጠሱትንም ዘንጎች አናይም ነበር። ትንሹ ብልሽት ትልቁን አሳየን።