የጅግጅጋ የገበያ ጎዳና ሲታደስ፦ ከንጣፉ በፊት ምን ይታሰብ?

ነገሩ ምንድን ነው?

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፒያሳና በአራት ኪሎ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ብዙም ሳይቆይ ወደ ክልል ከተሞች ዘልቆ ጅግጅጋም ደርሷል። የእግረኛ መንገድ ይሰፋል፣ መብራት ይተከላል፣ በየምሰሶው የተንጠለጠለው ሽቦ መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ የሱቆች ፊት ቀለም ይቀባል። ሥራው ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ገበያው ሰፈር ሲገባ ግን ጥያቄው ይለወጣል። ዋናው አስፋልት መኪና ማሳለፊያ ነው። የገበያ ጎዳና ደግሞ መተላለፊያም የሥራ ቦታም ነው፤ ባለሱቁ ዕቃውን በረንዳው ላይ ይደረድራል፣ የጉልት ነጋዴዋ ከበረንዳው ሥር ትቀመጣለች፣ ባጃጁ ከፊቷ ይቆማል፣ የአህያ ጋሪው መሐሉን ይዞ ያልፋል።

እንዲህ ያለው ጎዳና የሚታደሰው እዚያው ውሎ የሚሠራው ሰው ሥራው እንዲቃናለት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ከተቀበልን የዲዛይኑ ቅደም ተከተል ይገለበጣል፤ ውሃ፣ ጥላና የሻጮቹ መቀመጫ ይቀድማሉ፣ የንጣፉ ዓይነትና ቀለም መጨረሻ ይመጣል።

ከተማዋ የወረሰችው ፕላን

ጅግጅጋ ለዚህ ሥራ ጥሩ መነሻ አላት። ብዙዎቹ የሀገራችን ከተሞች በጦር ሰፈርና በመኳንንት ግቢ ዙሪያ እንደተገኘ ሲያድጉ፣ ጅግጅጋ ገና በጠዋቱ በፕላን ተመርታለች። በሩሲያ የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1909 ዓ.ም. አካባቢ የጅግጅጋ ገዥ ሳሉ ከተማዋን ቀጥ ባሉና እርስ በርስ በሚቋረጡ መንገዶች አስመርተዋል። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂና የመጀመሪያው የአማርኛ ቲያትር ደራሲ እኒሁ ሰው ናቸው።

ቀጥ ያለ መንገድ ለእድሳት ይመቻል። አንዱ መንገድ ተቆፍሮ ሲዘጋ ባጃጁም ጋሪውም በሚቀጥለው ያልፋል። የውሃ ቱቦና የኤሌክትሪክ ገመድ መስመሩን ይዞ ይቀበራል፤ የት እንደተቀበረ ማስታወስም ቀላል ነው። ይህ ጸጋ እንዲቆይ ግን ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ነገር አጥብቆ መያዝ አለበት፦ በየመስቀለኛው ያሉት ቀጫጭን ማቋረጫ መንገዶች በሱቅ ማስፋፊያ ወይም በአጥር እንዳይደፈኑ።

መጀመሪያ ጎርፉ

ጅግጅጋ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከካራማራ ተራራ በስተምሥራቅ በተዘረጋ ሜዳ ላይ ትገኛለች። ሜዳ በመሆኗ ውሃ በራሱ ቶሎ ተንደርድሮ አይሄድላትም። ዝናቡ ደግሞ ሁለት ወቅት አለው፤ ሶማሌዎች ዲራዕ የሚሉት ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከረን የሚሉት ከሐምሌ እስከ መስከረም። ብዙ ቀን የሚያካፋ ዝናብ አይደለም። በአንድ ከሰዓት ዱብ ብሎ ያቆማል። አፈር የነበረው ጎዳና ከዚህ ውሃ የተወሰነውን ይጠጣ ነበር። አስፋልትና ንጣፍ ሲለብስ አብዛኛው ውሃ መንገዱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መውረጃው በደንብ ሳይሠራ ጎዳናው ከተነጠፈ፣ ከእድሳቱ በኋላ የሚመጣው ጎርፍ ከቀድሞው ይብሳል።

ባለሱቆች ከሁሉ አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባው የከፍታውን ጉዳይ ነው። መንገድ በታደሰ ቁጥር ጠጠርና አስፋልት በላዩ ይደረብበታል፤ መንገዱ ከፍ ሲል የሱቁ ወለል ዝቅ ብሎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ባለሱቁ በየዝናቡ ደፉ ላይ በአሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ሲደረድር ይከርማል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ቀያሹ መሣሪያውን ይዞ ሲመጣ የመንገዱን መሐል ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ሱቅ ደፍ ከፍታ ይለካ፤ የአዲሱ የእግረኛ መንገድ ከፍታ ከዝቅተኛው ደፍ በታች ሆኖ ይወሰን፤ ለዚህ ሲባል አሮጌው አስፋልት ተቧጦ መነሳት ካለበት ይነሳ። የእግረኛ መንገዱ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ያዘንብል፤ መውረጃው ራሱም በእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቁልቁል ይኑረው። በሜዳ ከተማ ይህች ግማሽ ሴንቲ ሜትር ትልቅ ነገር ናት፤ ስትጠፋ ውሃው ተኝቶ ይሸታል።

መውረጃው ይከደን፣ ክዳኑ ግን ተነሺ ይሁን። ሁለት ሰው በመያዣው አንስቶ ፌስታሉንና ደለሉን የሚያወጣበት ካልሆነ ሁለት ክረምት አይሻገርም። መጨረሻው የት እንደሆነም ይታወቅ። የገበያውን ውሃ ሰብስቦ ታችኛው ሰፈር ደጃፍ ላይ መልቀቅ ጎርፉን ቦታ ማስለወጥ ነው። ጎረቤታችን ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደጫቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የሞተባት ከተማ ናት፤ በዚህ አካባቢ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ የሚታይ የአሸዋ ወንዝ በአንድ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።

ቁፋሮው ተከፍቶ ሳለ የውሃ፣ የመብራትና የስልክ መስመሮች ሁሉ ቦታቸውን ይያዙ፤ በየማቋረጫው ሥር ባዶ ቱቦ ይቀመጥ፣ ነገ አዲስ ገመድ ሲመጣ አስፋልት እንዳይሰበር። ለእግረኛው ክፍል ኮብልስቶን ወይም የሲሚንቶ ንጣፍ የሚመረጠውም ለዚሁ ነው። ተነስቶ ይጠገናል፣ ተመልሶ ይነጠፋል።

ጥላ

አዲስ አበባ ላይ ያማረው ሣርና ፏፏቴ ጅግጅጋ ላይ አይሰምርም። ነዋሪው ውሃ በጀሪካን ከጋሪና ከቦቴ በሚገዛበት ከተማ የሚጠጣው ውሃ ሣር ላይ መፍሰሱ ተገቢ አይደለም፤ በጋው ሲረዝም ሣሩም መድረቁ አይቀርም። ጎዳናው የሚፈልገው ዛፍ ነው። ግራርና ቁርቁራ የአገሩ ናቸው፤ ሥር እስኪሰዱ ሁለት ሦስት ዓመት ውሃ ከጠጡ ከዚያ ወዲያ ራሳቸውን ይችላሉ። የችግኙ ጉድጓድ ከመውረጃው ጎን ከተቆፈረና የእግረኛ መንገዱ ውሃ መጀመሪያ ወደ ጉድጓዱ እንዲገባ ከተደረገ፣ ጎርፉ ራሱ ዛፉን ያጠጣል። በባቡር ዘመን የተተከሉት የድሬዳዋ ከዚራ ዛፎች ዛሬም ከሰዓት ላይ ሰው የሚሸሽባቸው ናቸው።

ዛፉ እስኪያድግ ሸራ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የቀጥተኛ መንገዶቹ አቅጣጫ ትርጉም አለው። ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚሄድ ጎዳና ጠዋት ጥላ ያለው ምሥራቃዊው የሱቅ ረድፍ ሥር ነው፣ ከሰዓት ደግሞ ምዕራባዊው። ሻጮች ይህን ያውቃሉ፤ ዕቃቸውን ይዘው ከጥላው ጋር ይሻገራሉ። ደንብ አስከባሪ አንዲት ሴት ከተመደበላት ቦታ ተነስታ ማዶ ተቀምጣ ቢያያት ሥርዓት ያፈረሰች ይመስለዋል፤ እሷ ግን ፀሐይ ሸሽታ ነው።

የግመል ወተት ሻጯ የት ትቀመጥ?

የጎዳናው ዲዛይን መፈተኛ አድርጌ የምይዘው እሷን ነው። ወተቱ ከገጠር በጀሪካን ተጭኖ በመኪና ይመጣል፤ እሷ ተቀብላ፣ ቀምሳ፣ የጎመዘዘውን ከትኩሱ ለይታ በመለኪያ ትሸጣለች። የምትፈልገው ሲዘረዘር ትንሽ ነው። አንድ ካሬ ሜትር የማትሞላ ቦታ፣ ጥላ፣ ዕቃ ማጠቢያ ንጹሕ ውሃ፣ መኪናው ጀሪካኑን የሚያወርድበት ቅርብ ማቆሚያ፣ የገዢ ዓይን። መጸዳጃ ቤትም አለ፤ ቀኑን ሙሉ ገበያ ለምትውል ሴት ይህ ከመቀመጫ ወንበርና ከሐውልት በፊት የሚመጣ ነው። ለዚህች ሴት የሚሠራ ጎዳና ለዱቄት ሻጯም፣ በሰልባጅ ለሚነግደው ልጅም፣ ሳምቡሳ ለምትጠብሰውም ይሠራል።

የእግረኛ መንገዱን ስፋት በሦስት መክፈል ይጠቅማል። ከሱቁ ግድግዳ ጋር ለዕቃ ማሳያ የሚሆን ጠባብ ጠርዝ፣ መሐል ላይ ቢያንስ 2 ሜትር ምንም የማይቀመጥበት መሄጃ፣ በአስፋልቱ በኩል ዛፉንና የጉልት ሻጮችን የሚይዝ 1.5 ሜትር ያህል ስፋት። ሻጯ ጀርባዋን ለአስፋልቱ ሰጥታ ፊቷን ወደ እግረኛው ታዞራለች፤ ገዢው ቆሞ ሲከራከር ባጃጅ አይገጨውም። ከመንገዱ ወደ እግረኛው ክፍል የሚወጣበት መወጣጫ ዳገቱ ከ12 አንድ በላይ እንዳይሆን፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ለመውጣት 1 ሜትር ከ20 ያህል ርዝመት እንዲኖረው ይደረግ፤ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰውም፣ ጋሪ የሚገፋም በዚያው ይወጣል። የጅግጅጋ ገበያ ከዐስር ሶላት በኋላ ሙቀቱ ሲበርድ ስለሚደምቅ፣ መብራቱ ከአስፋልቱ ረጅም ምሰሶ ሌላ ዝቅ ብሎ የሻጩንና የገዢውን እጅ የሚያሳይ ሊሆን ይገባል።

ሻጮችን ማስነሳት ሳይሆን አብሮ መንደፍ እንደሚቻል የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን አሳይታለች። ዋርዊክ በተባለው የትራንስፖርት መገናኛ የከተማው ባለሙያዎች ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሺህ ከሚቆጠሩ የጎዳና ነጋዴዎች ጋር ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። ሥራ ላይ ያልዋለ የፈጣን መንገድ ድልድይ የባህል መድኃኒት ሻጮች ገበያ ሆነ፤ የከብት ጭንቅላት ቀቅለው ለሚሸጡት ውሃና ፍሳሽ ያለው ቦታ ተሠራ። በ2009 እ.ኤ.አ. ከተማው እዚያው የገበያ ማዕከል ሕንፃ ልሥራ ብሎ ሲነሳ ነጋዴዎቹ ተቃወሙ፣ ዕቅዱም ቀረ።

መንገዱ ተቆፍሮ ሲከርም

ብዙ ነጋዴ የሚከስረው በዕድሳቱ ማግስት ሳይሆን በግንባታው ወራት ነው። ቁፋሮ በኤክስካቫተር ቶሎ ያልቃል፣ ክፍያም ቶሎ ያስገኛል፤ ስለዚህ ተቋራጭ ሙሉውን ጎዳና በአንድ ጊዜ ቆፍሮ ቱቦና ሲሚንቶ መጠበቅን ይመርጣል። ውሉ ይህን መከልከል አለበት። አንድ ብሎክ ሳይነጠፍ ቀጣዩ አይቆፈር፤ በአንድ ብሎክም ውስጥ አንዱ ረድፍ አልቆ ክፍት ሳይሆን ማዶው አይነካ። በየሱቁ ደጃፍ ጠንካራ መሻገሪያ ይዘርጋ፤ ሽማግሌ በአንዲት ጣውላ አይሻገርም።

ወቅቱም ከውሉ ጋር ይጻፍ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ለቁፋሮ ይመቻል። ረመዳን ግን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል፤ በ2018 ዓ.ም. በየካቲት ገብቷል። ከኢድ በፊት ያሉት ሳምንታት ለልብስና ለጫማ ነጋዴ የዓመቱ ገበያ ናቸው። በእነዚያ ሳምንታት ጎዳናው ተቆፍሮ ከተገኘ ምንም ያህል ቢያምር ነጋዴው አያገግምም። በዓርብ ሶላት ሰጋጁ ከመስጊዱ ተርፎ መንገድ ላይ የሚሰለፍበት ቦታም በካርታው ላይ ይመላከት፤ እዚያ ላይ የአበባ መደብ አይሠራ።

ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ በተነሳው ሁከት ሱቆች ተዘርፈዋል፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። ከዚያ በኋላ ከዜሮ ተነስቶ ሱቁን የከፈተ ሰው ዛሬም በዚሁ ጎዳና አለ። ለእሱ ድንገት በሩ ላይ የሚቀባ የ«ይፈርሳል» ቀይ ምልክት ተራ ነገር አይደለም። ማስታወቂያው በሶማሊኛም በአማርኛም፣ በጊዜ፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን ተጽፎ ሊደርሰው ይገባል።

ካሳና ተከራይ

የመሬት ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚሠራበት ሕግ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፤ ካሳን፣ መልሶ ማቋቋምንና አቤቱታን ይደነግጋል። ዋናው ተጠቃሚ ግን ባለይዞታው ነው። በገበያ ሰፈር አብዛኛው ነጋዴ የሰው ሱቅ ተከራይቶ ይሠራል፤ የጉልት ነጋዴዋ ደግሞ ውልም የላትም። ስለዚህ ቁፋሮ ሳይጀመር ተከራዩም ጉልተኛዋም በስምና በቦታ ይመዝገቡ፣ ሥፍራቸው ፎቶ ይነሳ፣ ሥራው ሲያልቅ እዚያው የመመለስ መብታቸው በጽሑፍ ይያዝ። ጎዳናው ሲያምር ኪራይ ይንራል፤ ከአከራዩ ጋር የኪራይ ውልን አስቀድሞ ለተወሰኑ ዓመታት ማሰር ለተከራዩ ከየትኛውም ንጣፍ ይበልጣል።

ቶጎ ውጫሌና ሐርትሼክ

ከጅግጅጋ ውጭ፣ በድንበር ከተማዋ ቶጎ ውጫሌ ሥራው ከሌላ ቦታ ይጀምራል። ከሶማሌላንድ የሚመጣና የሚሄድ የጭነት መኪና በገበያው መሐል እስካለፈ ድረስ ንጣፍ አይበረክትም፤ መጀመሪያ ከከተማው ወጣ ብሎ የጭነት መኪና ማቆሚያ ይሠራ፣ ከዚያ ጎዳናው ይታደስ። ሐርትሼክ ደግሞ በ1980 ዓ.ም. ከሐርጌሳ የሸሹ ስደተኞችን ተቀብላ ከዓለም ትልልቅ የስደተኞች ጣቢያዎች አንዷ የነበረች፣ ገበያዋም ገንኖ የነበረ ከተማ ናት። ጣቢያው በ1996 ዓ.ም. ሲዘጋ ሕዝቡም ገዢውም ሄደ። እንዲህ ላለች ከተማ ውድ የገበያ አደባባይ ከመሥራት ይልቅ አንድ ጥሩ መውረጃ፣ አንድ የውሃ ቦኖና ሁለት ረድፍ ዛፍ በቂ ጅምር ነው፤ ገበያው ቢያድግ ይቀጠልበታል፣ ቢቀንስም መውረጃው፣ ቦኖውና ዛፉ ለነዋሪው ይቀራሉ።