ክሎዛፒን፦ ተጥሎ የተነሣው መድኃኒት

በዚህ እትም ስለ አንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ላወጋችሁ ነው። «ጋዜጠኛን ከመድኃኒት ምን አገናኘው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ክሎዛፒንን የመረጥኩት ግን በምክንያት ነው። «ይህ መድኃኒት ገዳይ ነው» ብሎ መጻፍ የሚፈልግ ማስረጃ ያገኝበታል፤ «ተአምር ነው» የሚልም እንዲሁ። ሁለቱም ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚነግሩን። ነገ የጤና ዜና የምንሠራው እኛ ነንና ሙሉውን ማወቅ ይጠቅመናል ብዬ አሰብኩ።

የቀድሞዎቹ መድኃኒቶች

ስኪዞፍሬንያ የያዘው ሰው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ሊሰማ፣ ያልሆነውን ነገር ሆነ ብሎ አጥብቆ ሊያምን፣ ሐሳቡም ሊበታተንበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1952 ዣን ደሌይና ፒየር ደኒከር የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች ፓሪስ ውስጥ ክሎርፕሮማዚንን ለሕሙማን ሰጥተው ጥሩ ውጤት አገኙ። ቆየት ብሎ ሃሎፔሪዶል መጣ። ሁለቱም በአገራችን እስከ ዛሬ ይታዘዛሉ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። አእምሯችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል መልእክት አቀባይ ንጥረ ነገር አለ። ዶፓሚንን እንደ ቁልፍ፣ ሪሴፕተሩን ደግሞ ቁልፉ እንደሚገባበት ቀዳዳ አስቡት። መድኃኒቶቹ «ዲ-2» የሚባለውን ቀዳዳ ቀድመው ይይዙታል፤ ቁልፉ መግቢያ ያጣል። ድምፁና የተሳሳተው እምነት ይቀንሳል። ችግሩ ምንድን ነው ቢሉ፣ ያው ቀዳዳ የሰውነት እንቅስቃሴን በሚቆጣጠረው የአእምሮ ክፍልም አለ። በአእምሮ ምስል የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት እነዚህ ሪሴፕተሮች ከ80 በመቶ በላይ ሲያዙ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ጡንቻ መገተርና መቁነጥነጥ እየበዛ ይመጣል።

እኛ ሰፈር አንድ ወጣት ነበር። እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ሲያቅተው ያየ ሁሉ «በሽታው ብሶበታል» ይል ነበር። እናቱ ግን «መድኃኒቱ ነው እንጂ ልጄስ ደህና ነው» ይሉ ነበር። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ሳነብ ነው የእናትየው አባባል ምን ያህል ሊሆን የሚችል ነገር እንደሆነ የገባኝ።

ስዊዘርላንድ ውስጥ የተገኘው እንግዳ

ክሎዛፒን በ1950ዎቹ መጨረሻ በርን ከተማ በሚገኘው የቫንደር ኩባንያ ተቀመመ። በጊዜው ብዙ ሐኪሞች «መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ሰውነትን መገተር አለበት» ብለው ያምኑ ነበር። ክሎዛፒን ግን ሳይገትር ሠራ። «ከተለመደው የወጣ» የሚለውን ስም ያገኘው በዚሁ ነው።

እንዴት ሳይገትር ሠራ? አንደኛ፣ ዲ-2ን የሚይዘው በላላ እጅ ነው፤ ይይዛል፣ ቶሎ ይለቃል። በተለመደው መጠን ሲወሰድ የሚይዘው ድርሻ ከአሮጌዎቹ ያነሰ ነው። ሁለተኛ፣ ሴሮቶኒን የተባለው ሌላ መልእክት አቀባይ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች በኃይል ይዘጋል። ከሌሎች ብዙ ሪሴፕተሮች ጋርም ይነካካል። ከሌሎቹ ለምን እንደሚበልጥ ግን ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ በአንድ ማብራሪያ አልተስማሙም።

ፊንላንድ፣ 1975

ከ1972 ጀምሮ መድኃኒቱ በአውሮፓ መሸጥ ጀመረ። በ1975 ፊንላንድ ገባ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ 8 ሕሙማን ሞቱ። ምክንያቱ አግራኑሎሳይቶሲስ ይባላል። ሰውነትን ከተሕዋስያን የሚጠብቁት ነጭ የደም ሴሎች እጅግ ያልቃሉ፤ ያኔ ቀላል የጉሮሮ ቁስል እንኳ ሰው ይገድላል። መድኃኒቱ በብዙ አገሮች ከገበያ ወጣ ወይም በጥብቅ ተገደበ።

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። ሆኖም አንዳንድ ሐኪሞች በሌላ መድኃኒት ያልተሻላቸው ሕሙማን በክሎዛፒን ሲሻላቸው አይተዋልና ዝም ማለት አልሆነላቸውም።

ወሳኙ ሙከራ

በ1988 ጆን ኬንና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት አሳተሙ። የተመረጡት 268 ሕሙማን ቢያንስ ሦስት መድኃኒት ሞክረው ያልተሻላቸው ነበሩ። ይህም አልበቃ ተብሎ መጀመሪያ ለስድስት ሳምንት ሃሎፔሪዶል ተሰጣቸው። ከዚያ ግማሾቹ ክሎዛፒን፣ ግማሾቹ ክሎርፕሮማዚን ወሰዱ። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ሐኪሙም ታማሚውም አያውቁም። ክሎርፕሮማዚን ለሚወስዱት መንቀጥቀጥን የሚከላከል መድኃኒት ተጨመረላቸው፤ አለዚያ በእጃቸው መንቀጥቀጥ ይታወቁ ነበራ!

ከስድስት ሳምንት በኋላ ክሎዛፒን ከወሰዱት 30 በመቶው፣ ክሎርፕሮማዚን ከወሰዱት ደግሞ 4 በመቶው ብቻ ተሻላቸው። ቁጥሩን እንደ ጋዜጠኛ እንየው። «ከሰባት እጥፍ በላይ የሚበልጥ መድኃኒት» ብሎ ርእስ መስጠት ይቻላል፤ ስሌቱ ልክ ነው። ግን ከመቶው ሰባው በዚያ ጊዜ ውስጥ በጥናቱ መስፈርት አልተሻላቸውም። ይህንንም መጻፍ አለብን። በሌላ በኩል እነዚህ ሰዎች ሌላ ተስፋ ያልነበራቸው መሆናቸውን ካልጻፍን 30 በመቶው ትንሽ ይመስላል።

በ1989 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ሰጠ፤ ግን በየሳምንቱ ደም ካልተመረመረ መድኃኒቱ አይሰጥም በሚል ግዴታ ነበር። መጀመሪያ ላይ ኩባንያው መድኃኒቱንና ምርመራውን አንድ ላይ አስሮ በዓመት ወደ 9,000 ዶላር ይሸጥ ስለነበር ብዙ ሙግት አስነሣ። በ2002 ደግሞ በእነዚህ ሕሙማን ላይ ራስን የማጥፋት አደጋን ለመቀነስ ተጨማሪ ፈቃድ አገኘ። አደገኛው የደም ችግር የሚደርሰው መድኃኒቱን ከሚወስዱት ከ1 በመቶ በታች በሚሆኑት ላይ፣ አብዛኛውንም ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። በ2025 አሜሪካ አስገዳጁን የምዝገባ ሥርዓት አነሣች፤ የደም ምርመራው ግን አሁንም ይመከራል። ከባድ የሆድ ድርቀት፣ ውፍረት፣ የለሃጭ መብዛትና የልብ ጡንቻ ብግነትም ክትትል ይሻሉ።

ለእኛ ምን ትምህርት አለው?

መድኃኒቱ ራሱ ከ1975 እስከ 1989 አልተለወጠም። የተለወጠው ለማን እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። ስለዚህ «ይገድላል» የሚል ዜና ሲደርሰን ከስንት ሰው ስንቱን፣ በምን ያህል ጊዜ፣ መከላከያስ አለው ወይ ብለን እንጠይቅ። «ያድናል» ሲባልም ማንን፣ ከምን ጋር ተወዳድሮ፣ ስንቱን ሳያድን ቀረ እንበል። ዜናውን የሚያነበው መድኃኒቱን በእጁ የያዘ ታማሚ ሊሆን ይችላል። በእኛ ርእስ ደንግጦ ያለ ሐኪም ምክር ቢያቋርጥ ሕመሙ ሊመለስበት ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። «እብድ» የሚለውን ቃል ከዜናችን እናውጣው። «ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው» ማለት ሦስት ቃል ነው፤ ቦታ አይፈጅም። ቸር ይግጠመን!