የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሽ እንዴት ይበከላል?

በዚህ ሳምንት ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ትምህርት፤ ወጣቶች «ቬፕ» እያሉ ስለሚጠሩት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራና በውስጡ ስለሚጨመረው ፈሳሽ ንጽሕና ነው። አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፤ ይህን ሸቀጥ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባትም ሆነ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ መሆኑ ነው። እንግዲያውስ ስለ ምን ይጻፋል? የሚል ቢኖር፤ በዋሽንግተንና በአካባቢው ሱቅ ይዘው የሚነግዱ ወገኖቻችን ዕቃው በሕግ በሚሸጥበት አገር ስለሚኖሩ ደንበኛ ይጠይቃቸዋል። ከዚህም በላይ ፈሳሹ የሚሠራባቸው ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል፤ ለሽሮፕ መድኃኒትና ለቅባት መሥሪያ በበርሜል የሚመጡት እነዚያው ናቸውና ነገሩ የአገር ውስጡን አስመጪም ይነካል።

የመሣሪያው አሠራር ቀላል ነው። ባትሪው ጠምዛዛ ሽቦ ያግላል፤ ጥጥ የመጠጠው ፈሳሽ በሽቦው ሙቀት ተን ይሆናል፤ ሰውየውም ይስበዋል። ስለዚህ ጠርሙሱ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ብክለት ከመሣሪያው ሊመጣ ይችላል። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት የ56 ተጠቃሚዎችን መሣሪያ ሲመረምሩ፤ በጠርሙሱ ሳለ እምብዛም ያልነበረው እርሳስ፣ ክሮሚየምና ኒኬል ፈሳሹ ሽቦውን ከነካ በኋላ በዝቶ ተገኝቷል። በተከታዩ ዓመት ደግሞ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 75 ዓይነት ዕቃ መርምረው፤ በ17ቱ ከባክቴሪያ የሚመጣ መርዝ፣ በ61ዱ ከሻጋታ ወገን የሚገኝ ግሉካን የተባለ ነገር አግኝተዋል።

ስለ ጽዳቱ የሚባለው አጭር ነው። ባትሪው አስቀድሞ ይለያል፤ ውሃም አይነካውም፤ መጋጠሚያው በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። የፈሳሹ መያዣና የአፍ መሳቢያው ለብ ባለ ውሃ ታጥበው ፈጽመው እስኪደርቁ ድረስ ይቆያሉ። ጥጡ ግን የሚታጠብ ሳይሆን የሚለወጥ ነው፤ የደረቀና ያረረ ጥጥ ፎርማልዲሃይድን የመሰለ ጎጂ ጋዝ ያበዛልና። ኒኮቲን በቆዳም ይገባልና የፈሰሰው ወዲያው ይታጠባል፤ ጠርሙሱም ሕፃናት ከማይደርሱበት ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ቢደረግም ዕቃው ከጉዳት ነጻ ሆነ ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የደረሰው ጥፋት ግን በማጠብ የሚመለስ አልነበረም። እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሕሙማን ሳንባቸው ተጎድቶ ተመዝግበው 68ቱ ሞተዋል። ከ51 ሕሙማን ሳንባ የተወሰደ ፈሳሽ ሲመረመር በ48ቱ ቫይታሚን ኢ አሴቴት ተገኘ። ይኸውም ቀላቃዮች የካናቢስን ዘይት ለማብዛትና ለማወፈር የጨመሩት ነገር ነው። በቆዳ ሲቀቡት የማይጎዳ ነገር በሳንባ ሲገባ ገዳይ ሆነ። አብዛኞቹ ሕሙማን ዕቃውን ያገኙት ከሕጋዊ ሱቅ ሳይሆን ከጓደኛና ከመንገድ ሻጭ ነበር። ስለዚህ ባለሱቁ ወገናችን ማኅተሙ የተነካውን፣ የምርት ቁጥር የሌለውንና በአገሩ የመድኃኒት ባለሥልጣን ያልተፈቀደውን ዕቃ፤ ዋጋው ምንም ቢረክስ፤ አለመቀበሉ ይበጀዋል።

አስመጪ ሊያጤነው የሚገባው ከሁሉ ይልቅ የፓናማው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የሳል ሽሮፕ የጠጡ ብዙ ሰዎች ሞቱ። በ46 በርሜል ከቻይና ተነሥቶ በስፔን ነጋዴ በኩል የገባው «ግሊሰሪን» የተባለው ዕቃ፤ ኩላሊትን የሚያጠፋ ዳይኤትሊን ግላይኮል ያለበት ሆኖ ተገኘ። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የምርመራ ምስክር ወረቀቱም እንደገና እየተጻፈ የመጀመሪያው አምራች ስም ጠፍቶ ነበር። ይኸው መርዝ እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመረመረው አንድ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሽ ውስጥ አንድ በመቶ ያህል ተገኝቷል። በ2022 ደግሞ በጋምቢያ ብዙ ሕፃናትን ከፈጀው ሽሮፕ ጋር ስሙ ተነሥቷል።

ሰነድ ሲያገላብጥ የሚውል የንግድ ቤት ጸሐፊ እንደሚያውቀው፤ ከአምራቹ በቀጥታ ያልመጣ የምስክር ወረቀት ግልባጭ ብዙ አያስተማምንም። ግሊሰሪን ወይም ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚያስመጣ ነጋዴ የአምራቹን ስምና አድራሻ በውሉ ያስጽፍ፤ በወረቀቱ ያለው የምርት ቁጥር በበርሜሉ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ይመልከት። ዕቃውም ሲደርስ ከአንድ በርሜል ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ በርሜል ናሙና ተወስዶ ዳይኤትሊን ግላይኮልና ኤትሊን ግላይኮል እንዳይኖርበት ይመርመር፤ ውጤቱ ሳይመጣም አንድ ሊትር እንኳ ከመጋዘን አይውጣ።