ካሜራው ይቅደም ወይስ ሥራው?

ዲጂታል ካሜራ ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚገባ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋፒክሰል ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ትልቁን ቁጥር ይጠራለታል። ጥያቄው ግን መጨረሻ ላይ መምጣት የሚገባው ነበር። አንድ ሙሉ የኤ4 ገጽ በማተሚያ ቤት ጥራት ለመሸፈን የሚያስፈልገው 9 ሜጋፒክሰል ያህል ነው። በቴሌግራም ለሚለጠፍ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያማ ከዚያም በጣም ያነሰው ይበቃል። ገበያ ላይ ያሉት ካሜራዎች፣ ያገለገሉትም ጭምር፣ አብዛኞቹ 20 እና ከዚያ በላይ ሜጋፒክሰል ስላላቸው ለዚህ ቁጥር ብሎ ተጨማሪ ብር መክፈል ለብዙው ገዥ ትርፍ ወጪ ነው።

ወጪው ደግሞ ቀላል አይደለም። ካሜራ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የአንድ ሺህ ዶላር ካሜራ ቀረጡና የሻጩ ትርፍ ሳይታሰብ እንኳ ምን ያህል እንደናረ ማስላት ለነጋዴ አያዳግትም። ተሳስቶ የገዛ ሰው መልሶ ሲሸጥ የሚያጣው ገንዘብም በዚያው ልክ አድጓል።

የዓለም ገበያውም ተለውጧል። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር እንደመዘገበው በ2010 እ.ኤ.አ. ወደ ገበያ የወጣው ዲጂታል ካሜራ ከ121 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ከ8 ሚሊዮን በታች ወርዷል። የቀረውን የወሰደው ሞባይል ስልክ ነው። ርካሽ የኪስ ካሜራዎች ከምርት ሲወጡ ፋብሪካዎቹ ወደ ውድ ዕቃ ዞሩ፤ ካነንም ኒኮንም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊታቸውን መስታወት ወደሌለው ካሜራ አዙረዋል። ውጤቱ ለገዥ መጥፎ ብቻ አይደለም። የቀድሞዎቹ ባለመስታወት ካሜራዎች ባለቤቶቻቸው ሲቀይሯቸው ያገለገለው ገበያ በመልካም ዕቃ ተሞልቷል።

ታዲያ ማን ምን ይግዛ?

የቤት ደላላ ከሆነ መልሱ አጭር ነው፤ ካሜራ አይግዛ። ሰፊ ሌንስ ያለው ደህና ስልክና ስልኩን የሚይዝ አነስተኛ ትራይፖድ ይበቁታል። መጋረጃ ገልጦ፣ ስልኩን በደረት ቁመት ቀጥ አድርጎ፣ ከክፍሉ ጥግ ቢያነሳ ገዥን የሚያሳስት ፎቶ አይወጣውም። ከስልክ የተሻለ የሚያስፈልገው ብዙ አፓርታማ የሚሸጥና ብሮሹር የሚያሳትም ድርጅት ነው። እርሱም ቢሆን ገንዘቡን በካሜራው ላይ ሳይሆን በሰፊ ሌንስ ላይ ማዋል አለበት። ከብዙ ካሜራዎች ጋር የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ለጠባብ መኝታ ቤት አይመችም። ከ10 እስከ 18 ሚሊ ሜትሩ ግን ያንኑ ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያሳያል።

ሰሊጥ፣ ቡና ወይም የጥበብ ልብስ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ችግሩ ሌላ ነው፤ የእርሱ ጉዳይ ቀለም ነው። ነጭ ሰሊጥ በፎቶ ቢጫ ሆኖ ከታየ ገዥው የሚጠረጥረው ካሜራውን ሳይሆን ዕቃውን ነው። ይህ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከካሜራው ሳይሆን ከመስኮት የሚገባው የፀሐይ ብርሃንና የጣሪያው አምፖል በአንድ ላይ ሲቀላቀሉ ነው። አምፖሉን አጥፍቶ በመስኮት ብርሃን ብቻ ማንሳት፣ በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ግራጫ ካርድ አስቀምጦ ቀለሙን በእርሱ ማስተካከል ነገሩን ይፈታዋል። ለዚህ ሥራ ቀለምን በእጅ ማስተካከል የሚቻልበትና ጥሬውን ፋይል የሚያስቀምጥ ማንኛውም ሌንስ ቀያሪ ካሜራ፣ የአሥር ዓመት ዕድሜ ያለውም ቢሆን፣ ይበቃል።

ሠርግ ሲቀረጽ

ካሜራ የንግድ ዕቃ የሚሆነው በፎቶ ቤት ነው። በጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ማታ አዳራሽ፣ በማግስቱ መልስ የሚቀረጽበት ሠርግ ሁለተኛ ዕድል የለውም። የሚሚሪ ካርድ ተበላሽቶ የተክሊሉ ፎቶ ቢጠፋ ቀብድ መመለስ ብቻውን ሙሽሮቹን አያስታርቅም። ስለዚህ የሠርግ ካሜራ ሁለት ካርድ የሚያስገባና በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ የሚጽፍ መሆን አለበት። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጡትን ሁለት የካነን ካሜራዎች ብናነጻጽር፣ 5ዲ ማርክ 3 ሁለት ካርድ ሲይዝ 6ዲ የሚይዘው አንድ ብቻ ነው። በያገለገለ ገበያ በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የሚከፈለው ከምንም በላይ ለዚህች ሁለተኛ ቀዳዳ ነው።

ቪዲዮም ለሚቀርጽ ሌላ ወጥመድ አለ። በአውሮፓ ኅብረት የቀረጥ ደንብ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽ መሣሪያ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጣልበት ስለነበር፣ ፋብሪካዎች ብዙዎቹን ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ እንዲቆሙ አድርገው ሠርተዋቸዋል። ይህን ያላወቀ ቀራጭ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ትቶ ሲመለስ ሥነ ሥርዓቱን በከፊል ያጣዋል።

የሴንሰሩም ስፋት እዚህ ዋጋ አለው። ሙሉ ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የካነን አነስተኛው 22.3 በ14.9 ነው፤ በስፋት ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይበልጠዋል። በደብዛዛ አዳራሽ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ነገር ግን በጀቱ ጠባብ ከሆነ ሌንሱ ይቅደም። ርካሹ የ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ፣ 5.6 ላይ ከሚቆመው መደበኛ ሌንስ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል።

ሂሳቡ ደግሞ በመዝጊያው ይሠራል። የ5ዲ ማርክ 3 መዝጊያ 150,000 ጊዜ እንዲሠራ የተፈተነ ነው። አንድ ሠርግ 2,500 ፎቶ ይፈጃል ቢባል ይህ 60 ሠርግ ማለት ነው። 110,000 ያነሳ ካሜራ የሚገዛ ሰው የሚገዛው የቀሩትን 16 ሠርጎች ነው፤ ዋጋውን በዚያ ማካፈል ይችላል። ቁጥሩ ዋስትና ስላልሆነ ቀድሞም ሆነ ዘግይቶ ሊሰበር ይችላል፤ ለመደራደሪያ ግን ከዚህ የተሻለ የለም።

አንዳንድ ሻጭ ታዲያ የፎቶውን ፋይል ቁጥር እያሳየ «ገና 2,000 ነው ያነሳው» ይላል። ይህ ማስረጃ አይሆንም፤ የፋይሉ ቁጥር 9999 ላይ ሲደርስ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። የኒኮን ባለመስታወት ካሜራዎች እውነተኛውን ቁጥር በፎቶው ፋይል ውስጥ አብረው ስለሚጽፉ በኮምፒዩተር ማየት ይቻላል። በካነን አብዛኞቹ ላይ ግን ካሜራውን በገመድ ከኮምፒዩተር አገናኝቶ በልዩ ፕሮግራም ማንበብ ያስፈልጋል። ይህን የሚከለክል ሻጭ ዋጋውን መቀነስ አለበት።

ከሁሉ ይበልጥ ብር የሚያስጠፋው የሌንስ አለመግጠም ነው። ለካነን አነስተኛ ሴንሰር የተሠሩት ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች በ5ዲም ሆነ በ6ዲ ላይ አይገጥሙም፤ ካሜራውን ያሳደገ ባለፎቶ ቤት ሌንሶቹንም ይቀይራል። የኒኮን የቆዩ ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች በዲ3000 እና በዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ላይ ይገጥማሉ፣ ነገር ግን በራሳቸው አያተኩሩም፤ በእጅ መዞር አለባቸው። የካነን ኢኤፍ ሌንስ በአገናኝ ቀለበት በአዲሱ አርኤፍ ካሜራ ላይ በሚገባ ይሠራል፤ አዲሱ ሌንስ በአሮጌው ካሜራ ላይ ግን ከቶ አይገባም። ስለዚህ ቀስ በቀስ ለሚያሳድግ ሰው የተሻለው ግዥ የሙሉ ፍሬም ኢኤፍ ሌንስ ነው፤ ሦስቱንም ያገለግላል።

ብሩ ከመቆጠሩ በፊት ሱቅ ውስጥ ሩብ ሰዓት ቢጠፋ አይጎዳም። ሌንሱን ወደ ኤፍ 16 አጥብቦ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ማንሳት፣ ከዚያ ፎቶውን አጉልቶ ማየት በሴንሰሩ ላይ ያለውን አቧራ ያሳያል። አቧራ ይጸዳል፣ ጭረት ግን አይጸዳም። በሌንሱ ውስጥ የባትሪ መብራት ሲበራ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ከታየ ሻጋታ ነውና ወደ ሌሎቹም ሌንሶች ሊዛመት ይችላል። ካርዱ የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ የታጠፈ ሽቦ አለመኖሩ፣ ባትሪው አለማበጡ ይታይ። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በመንገደኛ እጅ የመጣ ካሜራ አዲስ ቢሆንም የፋብሪካው ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ በተሸጠበት አገር ብቻ የሚሠራ ስለሆነ፣ በካርቶኑ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ከካሜራው ሥር ካለው ጋር መመሳሰሉን ማየትና ከሻጩ የጽሑፍ ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል።