ሮቢት ላይ ቤት ለምታሠሩ፦ የሚዘናፈል ዛፍ ለግቢያችሁ

ከወልዲያ ወደ ቆቦ ሲኬድ ጎብዬን አልፎ ሮቢት ላይ ውጭ አገር ሆኖ ቤት የሚያሠራ ሰው ስለ ቆርቆሮና ሴራሚክ ወር ሙሉ ይደዋወላል፤ የግቢው ነገር ግን በአንድ ፎቶ ያልቃል። ሜሪላንድ ወይም ስቶክሆልም አንድ ደጃፍ ላይ የታየ፣ ቅርንጫፉ እስከ መሬት የተዘናፈለ፣ በጋ ከክረምት አረንጓዴ የሆነ ጥድ መሰል ዛፍ ፎቶ ለወንድም ይላክና «ይሄን ትከልልኝ» ይባላል።

ያ ዛፍ ሮቢት ላይ አይሆንም። አብዛኛውን ጊዜ ዘንፋላ ስፕሩስ ወይም አትላስ ሴዳር ነው። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ በሌላ ግንድ ላይ ተጣብቆ፣ ከእንጨት ጋር ለዓመታት እየታሰረ ነው ቁመት ያገኘው፤ ካልታሰረ መሬት ላይ ይጋደማል። ስፕሩሱ ደግሞ በየዓመቱ ወራት የሚዘልቅ ብርድ የለመደ ነው። ሮቢት 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሞቃት ሜዳ ነው፤ የዓመቱ ዝናብም ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፣ እሱም በበልግና በክረምት ተከፋፍሎ።

ችግኝ በሻንጣ ይዞ መግባትን ደግሞ እርሱት። የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ አስቀድሞ የማስገቢያ ፈቃድና ከመነሻው አገር የጤና የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ደንቡ ከንቱ ቢሮክራሲ የሚመስለው ካለ፣ ከእርዳታ እህል ጋር ገባ የሚባለው ፋራምሲሳ የተባለ አረም የቆቦን ማሳ ምን እንዳደረገው ገበሬውን ይጠይቅ።

የአገራችን ጥድስ? ከአላማጣ ወደ ኮረም ሲወጣ ግራካሕሱ ላይ ያማረ ነው፤ የእናንተም ቤተሰብ ደጋ ላይ ከሆነ እሱን ትከሉ። የፈረንጅ ጥድም ሆነ ፓቱላ የሚባለው መርፌው የተንጠለጠለ ጥድ ቀዝቃዛ አየርና የተሻለ ዝናብ ይሻሉ። ቆላ ላይ ገንዘብ ማባከን ነው።

ለሮቢት የእኔ ምርጫ ሸውሸዌ ነው። በእርግጥ ጥድ አይደለም። «መርፌውን» ያዝ አድርጋችሁ ብትስቡት በየአንጓው ይለያያል፤ ቀጭን አረንጓዴ ጭራሮ ነውና። እውነተኛ ቅጠሉ አንጓው ላይ ያሉት ጥቃቅን ጥርሶች ናቸው። ነገር ግን መልኩ የፈለጋችሁት ነው፤ ሙቀትም ይችላል። ሌላው ቁንዶ በርበሬ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚዘናፈለው እሱ ነው፣ ሥር ከያዘ ድርቅ አይበግረውም። ገበሬው በማሳው መሐል የሚተወው ቁርቁራም ቅርንጫፉ ያጎነብሳል፣ ፍሬውም ይበላል፤ እሾሁ ግን ልጅ ለሚሮጥበት ግቢ አይመችም።

ሸውሸዌ ከ20 ሜትር በላይ ሊሄድ ስለሚችል ከመብራት ገመድ ሥር አይተከልም፤ ከቤቱ መሠረትና ከሴፕቲክ ታንኩም ራቅ ይበል። ጉድጓዱ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቀደም ብሎ ይቆፈር፤ ተከላው መሬቱ ውሃ ከጠገበ በኋላ ሐምሌ ውስጥ ይሁን። ላስቲኩ ተቀዶ ይውጣ፤ እንዳለ የሚቀብሩት ብዙ ናቸው፣ ሥሩ እዚያው ተጠቅልሎ ይቀራል። ከትልቅ ሸውሸዌ ሥር አንድ እፍኝ አፈር አምጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ መጨመር ይጠቅማል፤ ከአየር ናይትሮጅን እንዲያገኝ የሚረዱት ባክቴሪያዎች እዚያ ውስጥ አሉ።

ዝናቡ ሲያቆም፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ለአንድ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲመሽ ይፍሰስለት። አፈሩ እንዳይደርቅ ዙሪያውን አልብሱ ይባላል፤ ራያ ላይ ግን የማሽላ አገዳ የከብት መኖ ነው፣ ማንም በነፃ አይሰጣችሁም፣ ቢሰጣችሁም ምስጥ ይጠራል። የወንዝ ጠጠር ይሻላል። ሁለት ዓመት እንዲህ ካለፈ ውሃው ሊቀነስ ይችላል። እስከዚያ ከፍየል የሚከልለው አጥር ያስፈልገዋል።

መግረዝ ላይ አደራ! ዘበኛው የታችኛውን ቅርንጫፍ ለማገዶ ከመለመለው የከፈላችሁበት መዘናፈል ሄደ፤ የቀረው ምሰሶ ነው። ስለዚህ ቅርንጫፍ እንዳይቆርጥ፣ ውሃ ማጠጣቱም ተጨማሪ ሥራ መሆኑን ከዘበኛው ጋር ደመወዝ ስትነጋገሩ ለይታችሁ ተናገሩ። የችግኙን ገንዘብ አንዴ ልካችሁ አትጨርሱ፤ ከፊሉን በቀጣዩ ግንቦት ቆሞ ለተገኘ ዛፍ አስቀሩት። ፎቶ ሲላክላችሁም ከሩቅ የተነሳ አትቀበሉ፤ የግንዱ ሥር፣ አፈሩ እርጥብ መሆኑና ምስጥ አለመውጣቱ ይታይ።