ድረ ገጽ በእጅ ስልክ ሲነበብ

ከዚህ ተቋም ወጥተን በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ ማስታወሻም ሆነ የፈተና መለማመጃ በድረ ገጽ ማውጣታችን የማይቀር ነው። ለመሆኑ ያወጣነውን የሚያነበው ማነው? በምንስ ላይ ነው የሚያነበው? እኛ ገጹን የምናሰናዳው ሰፊ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠን ነው። ብዙው ተማሪ ግን የሚከፍተው የወላጁን ወይም የታላቁን ስልክ ለጥቂት ደቂቃ ተውሶ፣ ያውም በተገዛ ፓኬጅ ነው። ስለሆነም በዛሬው ጥናታችን ገጹን ከዚያ ከተማሪው ስልክ ተነሥተን እንመለከተዋለን።

አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ድረ ገጾች በሙሉ ማለት ይቻላል ለኮምፒዩተር የተሠሩ ነበሩ። በዚህም የተነሣ የስልኩ ብራውዘር ገጹን 980 ፒክሰል ስፋት እንዳለው ቆጥሮ ካዘጋጀው በኋላ 320 ፒክሰል ስፋት ባለው መስኮት ውስጥ አጥብቦ ያሳየው ነበር። ፊደሉ ወደ አንድ ሦስተኛው ወረደ ማለት ነው። ስልኮች ዛሬም ይህን ልማድ አልተዉም፤ ገጹ በራስጌው ላይ «ስፋቴን በስልኩ ስፋት ልክ አድርገው» የሚል፣ ቪውፖርት የሚባል የአንድ መሥመር ትእዛዝ ካልያዘ ያሳንሱታል። እሷ መሥመር ከተረሳች የቀረው ልፋት ምን ዋጋ አለው?

አንዳንዶች ችግሩን ለመፍታት ለስልክ ብቻ ሌላ ገጽ ይሠሩ ነበር። ሁለት የውጤት መዝገብ የያዘ መምህር ምን እንደሚገጥመው እናውቃለን፤ አንዱ ሲታረም ሌላው ይረሳል። ኢታን ማርኮት የተባለው አሜሪካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጽሑፍ ያቀረበው መፍትሔ አንድ ገጽ ብቻ ሆኖ እንደ መስኮቱ ስፋት ራሱን እንዲያስተካክል ነው። ይኸውም የዓምዶቹ ስፋት በፒክሰል ሳይሆን በመቶኛ ይሰጣል፤ ሥዕሉም ከተቀመጠበት ዓምድ እንዳያልፍ ይታዘዛል፤ መስኮቱ ሲጠብ ጎን ለጎን የነበሩት ዓምዶች አንዱ ከሌላው ሥር ይደረደራሉ።

እንግዲህ ሁሉም በአንድ ዓምድ ከተደረደረ ከላይ የሚቀመጠው ምን ይሁን? የኃላፊው ሰላምታና ፎቶግራፍ አናቱን ይዘው የፈተናው ቀን ከታች የተቀበረባቸው ገጾች አጋጥመውናል፤ የማን እንደሆኑ አንናገርም። ተማሪው የመጣው ቀኑን ፍለጋ ነውና ቀኑ ይቅደም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ክብደቱ እንምጣ። እስቲ እናስላ። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩኒኮድ፣ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ፣ 3 ባይት ይይዛል። 2,000 ፊደል ያለው ማስታወሻ እንግዲህ 6 ኪሎ ባይት ገደማ ነው። ሰሌዳው ላይ የጻፍነውን በስልክ ካሜራ አንሥተን እንዳለ ብንለጥፈውና ፎቶግራፉ 3 ሜጋ ባይት ቢሆንስ? የ500 ማስታወሻ ክብደት! ልጁ አንዱን ፎቶግራፍ አውርዶ ሳይጨርስ የእናቱ ፓኬጅ ሊያልቅበት ይችላል። ያወረደውም ቢሆን በቃል አይፈለግም፤ ፊደሉን ላሳድገው ቢል ከመስኮቱ ወጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ማስታወሻ ይተየብ። የዕፅዋት ወይም የካርታ ሥዕል የግድ ሲያስፈልግ ስፋቱን ወደ 800 ፒክሰል አውርዶ ማመቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ኪሎ ባይት በታች ይሆናል። ፒዲኤፍም የራሱ ቦታ አለው፣ ለኅትመት ጥሩ ነው፤ በስልክ ግን ለኤ4 ወረቀት የተሠራውን እያንዳንዱን መሥመር ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጎተቱ ማንበብ ያሰለቻል።

በዚህ አጋጣሚ የፊደላችንንም ነገር እናንሣ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፕሮግራሞች የተተየቡ ማስታወሻዎች ኮምፒዩተር ውስጥ ካሉ ወደ ዩኒኮድ ሳይለወጡ እንዳይወጡ፤ ስልኩ የሚያሳየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። መጠኑም ቢሆን ከ16 ፒክሰል ባይወርድ ይመረጣል። የእኛ «ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት በጎን በተቀጠለች አንዲት ሰረዝ ቦታ ነው፤ ፊደሉ ሲያንስ ሰረዟ ትጠፋለች፣ አንባቢውም ይገምታል እንጂ አያነብም። በመሥመሮቹም መካከል የፊደሉን ግማሽ ያህል ክፍት ቦታ እንተው።

ጣትም እንደ መዳፊት ቀስት ሹል አይደለም። ጎግል ለአንድሮይድ ባወጣው መመሪያ የሚነካ ነገር ወደ 9 ሚሊ ሜትር ግድም እንዲሆን ይመክራል። በምርጫ ጥያቄ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተጠባብቀው ከተደረደሩ «ለ»ን የነካ ልጅ «ሐ» ይያዝበትና ያወቀውን ይሳሳታል። ይህ እንግዲህ ፈተናው ልጁን ሳይሆን ጣቱን ፈተነ ማለት ነው።

መልመጃ፦ ከየትምህርት ክፍላችሁ አንድ ማስታወሻ ወስዳችሁ ከላይ በተባለው መንገድ ገጽ ሥሩለት። ከዚያ ከጓደኞቻችሁ መካከል አሮጌ ስልክ ያለውን ፈልጉና ዋይፋዩን አጥፍታችሁ፣ ከጥላ ወጥታችሁ ፀሐይ ላይ ክፈቱት። ስንት ሴኮንድ ፈጀ? ስንት ኪሎ ባይት በላ? ወደ ጎን ሳይጎተት ተነበበ? መልሳችሁን ከስማችሁና ከትምህርት ክፍላችሁ ጋር በወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ጋዜጣ ግርጌ ለጥፉ።